ነፋስን ማወቅ፤ ስለ ታንኳና ስለ ሸራ የታሪክ ነገር

አረቅጥ ካለችበት ከጉራጌ ተራሮች ራስ የሚወርደው ውኃ በሁለት መንገድ ይለያያል። ወደ ምዕራብ የወረደው በዋቤ ወንዝ አድርጎ ወደ ግቤ ይገባል፤ ከዚያም በኦሞ በኩል እስከ ቱርካና ሐይቅ ይደርሳል። ወደ ምሥራቅ የወረደው ግን በመቂ ወንዝ ተሰብስቦ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርድና ደንበል ወደሚባለው ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይፈሳል። ተራራውና ሐይቁ በዚህ ዝምድና የተያያዙ ስለ ሆነ፥ በውኃ ላይ ስለሚኖሩ ሰዎች የሚነገረው ታሪክ ለደጋው ሰው ባዕድ አይደለም። ዝምድናው ደግሞ በውኃ ብቻ አይደለም፤ በደንበል ደሴቶች ላይ የኖሩት የዛይ ሰዎች ቋንቋ ለስልጥኛና ለሐረሪ ቋንቋ የቀረበ ነውና የልሳን ሊቃውንት ከምሥራቅ ጉራጌ ልሳናት ወገን ይቈጥሩታል።

ደንበል ከባሕር ወለል በላይ 1,636 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፥ ስፋቱም ወደ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ግን ጥቂት ነው፤ እጅግ ጥልቅ በሆነበት ስፍራ እንኳ ከ9 ሜትር እምብዛም አይበልጥም። በውስጡ የሚገኙት አምስቱ ደሴቶች ቱሉ ጉዶ፥ ጸደቻ፥ ፉንዱሮ፥ ደብረ ሲናና ገሊላ ይባላሉ። በቱሉ ጉዶ ላይ የደብረ ጽዮን ገዳም አለ። በዮዲት ጉዲት ዘመን የአክሱም ካህናት ጽላተ ጽዮንንና ቅዱሳት መጻሕፍትን ይዘው ወደዚህ ደሴት መሸሻቸው ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የመጣ ነው፤ በገዳሙ ተጠብቀው የኖሩት የብራና መጻሕፍትም ደሴቱ የመማሪያና የመጻፊያ ስፍራ እንደ ነበረ ይመሰክራሉ።

ገሊላ የሚለውን ስም ለደሴቲቱ ያወጣላት ሰው ቅኔ የሚያውቅ ሳይሆን አይቀርም። የገሊላ ባሕር በተራሮች መካከል የተኛ ስለ ሆነ ድንገተኛ ነፋስ ይወርድበታል፤ ሐዋርያትም በታንኳ ሳሉ ያስጨነቃቸው ማዕበል በዚያ ባሕር ላይ የተነሣ ነው። ደንበልም በምዕራብ የጉራጌ ተራሮች፥ በምሥራቅ የአርሲ ተራሮች ከብበውታል። ፀሐይ ሸለቆውን ባሞቀች ጊዜ አየሩ ይነሣል፤ በስፍራውም ሌላ ቀዝቃዛ አየር ይገባል፤ ስለዚህ ጧት እንደ መስተዋት ጸጥ ብሎ የዋለው ውኃ ከቀትር በኋላ ይናወጣል። ውኃው ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ሞገዱ ፈጥኖ ይነሣል፤ አጭርና ቀጥ ያለም ይሆናል። የደሴቱ ሰው ይህን ከመጽሐፍ አልተማረውም። እህሉን ለመሸጥ፥ ታማሚውን ለማሳከም፥ ሙሽራይቱን ለማምጣት ሲሻገር ማልዶ መነሣትን ከአባቱ ተማረ። የእርሱ እሽቅድምድም ከባልንጀራው ጋር ሳይሆን ከቀትሩ ነፋስ ጋር ነበረ፤ የተሸነፈ ሰውም የሚያጣው ሽልማት አልነበረም፤ ነፍሱ ነበረች።

በዚህ ስፍራ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ነፋስን ይህን ያህል ያወቁ የኢትዮጵያ ሐይቆች ሰዎች ስለ ምን ሸራ አልሰቀሉም? መልሱ ከታንኳው አሠራር ይገኛል። በጣና እንደሚታየው ታንኳ ደንገል ታጭዶ፥ ደርቆ፥ በነዶ በነዶ ታስሮ የሚሠራ ነው። ቀላል ነውና በጥልቀት የለሽ ውኃ ላይ ይሄዳል፤ ድንጋይ ቢነካው አይሰበርም። ነገር ግን ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ በየጊዜው ወደ ምድር ወጥቶ ካልደረቀ ዕድሜው ወራት ብቻ ነው። ከሁሉም በላይ ከሆዱ በታች ወደ ውኃ የሚወርድ ሳንቃ የለውም። ሸራ የተሰቀለበት ታንኳ በነፋስ አቅጣጫ ብቻ ከመነዳት የሚድነው፥ እንደ ሰይፍ ወደ ውኃ የወረደው ሳንቃ በጎኑ እንዳይንሸራተት ስለሚይዘው ነው። ይህ ሳንቃ በሌለበት ሸራ መስቀል ራስን ለነፋስ አሳልፎ መስጠት ነው። ስለዚህ የሐይቁ ሰው መቅዘፊያንና ማለዳን መረጠ፤ ምርጫውም ያለማወቅ ምርጫ አልነበረም።

ሸራን የሚያውቁ ኢትዮጵያውያን ግን በባሕሩ ዳር ነበሩ። ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው። በመጀመሪያው መቶ ዓመት ስሙ ያልታወቀ አንድ የግሪክ ነጋዴ ስለ ኤርትራ ባሕር በጻፈው የጉዞ መጽሐፍ፥ ከግብፅ ወደ አዱሊስ የሚሄዱ መርከቦች ከጥር እስከ መስከረም ባለው ጊዜ እንደሚነሡ፥ የተመረጠውም ጊዜ መስከረም ወር እንደ ሆነ አስታውቋል። እንግዲህ በዚያ ዘመን የንግዱን ቀን የሚቈርጠው ነፋስ ነበረ ማለት ነው። በ525 ገደማ ዐፄ ካሌብ ስለ ናግራን ክርስቲያኖች ወደ ሒምያር በዘመቱ ጊዜ፥ የቅዱስ ሒሩትን ሰማዕትነት የሚናገረው የግሪክ መጽሐፍ እንደሚተርከው፥ ከልዩ ልዩ ወደቦች የመጡ 60 መርከቦች ተሰበሰቡላቸው፤ እርሳቸውም 10 መርከብ አሠርተው ጨመሩበት።

የመርከቦቹን አሠራር የዚያው ዘመን ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ ገልጾታል። ሳንቆቹ በብረት ምስማር አልተመቱም፤ በገመድ ተሰፍተው ነበር እንጂ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰዎች በዚያ ባሕር ብረትን የሚስብ ድንጋይ ስላለ ነው ይሉ ነበር፤ ፕሮኮፒዮስ ግን ይህን ተረት ነቅፎ፥ ብረት የበዛባቸው የሮም መርከቦች በዚያው ባሕር ሲመላለሱ ምንም አልደረሰባቸውም ብሎ መለሰ። የተሰፋ መርከብ ማዕበል ሲመታው ከመሰበር ይልቅ ጥቂት ይለምጣል፤ በኮረትና በአሸዋ የተሞላ ዳርቻ ላለው ባሕር የሚስማማ ጥበብ ነበረ። አዱሊስ በ7ኛው መቶ ዓመት ከተዳከመች በኋላ ግን የባሕሩ ንግድ ወደ ሌሎች እጅ አለፈ፤ መንግሥቱም ወደ ደጋ ወጣ፤ ሸራና ደቀል ከቤተ መንግሥቱ ዐሳብ ራቁ።

ይሁን እንጂ ዐሳቡ ፈጽሞ አልሞተም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 በጣና ዳር በዘጌ ሳሉ ትልልቅ ታንኳዎች አሠሩ፤ በግራና በቀኝም በሰው እጅ የሚዞር መንኰራኩር አስገጠሙባቸው። በእስር የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ይህን አይቶ ጽፎታል። ንጉሡ የፈለጉት በእንፋሎት የሚሄደውን የአውሮጳ መርከብ ነበረ፤ በእጃቸው የነበረው ግን የአባቶቻቸው ደንገል ነው። በኋላ በ1955 በምጽዋ የኢትዮጵያ የባሕር ኃይል ተመሠረተ፤ ኤርትራም በ1993 ነጻ አገር በሆነች ጊዜ ኢትዮጵያ ያለ ባሕር ጠረፍ ቀረች። የቀሩላት ሐይቆቿ ናቸው።

በአውሮጳ ደግሞ የሸራ ነገር ከሥራና ከጦርነት ወጥቶ ወደ ጨዋታ የገባው በ17ኛው መቶ ዓመት ነው። በ1661 የእንግሊዝ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ከወንድሙ ከዮርክ መስፍን ጋር በ100 ፓውንድ ተወራርዶ፥ በቴምዝ ወንዝ ከግሪኒች እስከ ግሬቭሴንድ ደርሶ የሚመለስ እሽቅድምድም አደረገ። ንጉሡ ሲወርድ ነፋስ ስለ ተቃወመው ተሸነፈ፤ ሲመለስ ግን ቀንቶት ውርርዱን አዳነ። ጆን ኢቭሊን የተባለው ጸሐፊ ነገሩን በዕለት መጽሐፉ መዝግቦታል። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት፥ ነፋስ ዘውድ አይቶ የማያዳላ መሆኑ ነው።

እንዲህ ያለው ጨዋታ ለብዙ ጊዜ የመኳንንትና የባለጸጎች ብቻ ሆኖ ቈየ፤ ብዙ ወርቅ ያለው ፈጣን መርከብ አሠርቶ ያሸንፍ ነበርና። ይህን ለማስቀረት በ1887 በአየርላንድ በደብሊን አጠገብ ያሉ ሰዎች ተማክረው ሁሉም በአንድ ልክ የተሠራ ትንሽ የሸራ ታንኳ እንዲይዙ ወሰኑ፤ ታንኳውም ዋተር ዋግ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ድሀውም ሀብታሙም እኩል ሸራ ይዘው ስለሚነሡ፥ የሚለያያቸው ዕውቀት ብቻ ሆነ። በ1947 ደግሞ በአሜሪካ በፍሎሪዳ ክላርክ ሚልስ የተባለ ሰው ለሕፃናት የሚሆን 2 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላት ታንኳ ሠራ። ኦፕቲሚስት ትባላለች፤ ዛሬ በብዙ አገር ልጆች ነፋስን የሚማሩባት እርስዋ ናት።

የእሽቅድምድሙ ሥርዓት እንዲህ ነው። ዳኞቹ በውኃው ላይ ተንሳፋፊ ምልክቶችን ያኖራሉ፤ ታንኳዎቹም ሁሉንም እየዞሩ ይመለሳሉ። ከመነሻው 5 ደቂቃ አስቀድሞ ባንዲራ ይሰቀላል፤ የመድፍ ወይም የመለከት ድምፅም ይሰማል። ሰዓቱ ሳይደርስ መሥመሩን የተሻገረ ተመልሶ ይጀምራል። ወደ ነፋሱ ፊት ለፊት መሄድ ስለማይቻል ቀዛፊ የሌለው ታንኳ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፥ አንድ ጊዜ ወደ ግራ በሰያፍ እየታጠፈ ይወጣል። ሁለት ታንኳዎች በተገናኙ ጊዜ ነፋስ በቀኙ የሚመጣለት መንገድ አለው፤ በግራው የሚመጣለት ይለቃል። ነፋሱ ከበረታ ሰዎቹ ሰውነታቸውን ከታንኳው ውጭ ዘርግተው ሚዛን ይጠብቃሉ፤ ከተገለበጡም በዚያው በወረደው ሳንቃ ላይ ቆመው ታንኳውን ያቃናሉ። ሰማዩ ሲጠቁር መንገዱን ማሳጠር ወይም ጨዋታውን ማቆም የዳኞቹ ሥልጣን ነው። በ1896 በአቴና በተደረገው በመጀመሪያው የዘመናችን ኦሎምፒያ የሸራው ውድድር በአየሩ ክፋት ምክንያት ተሰርዟል፤ የተፈጸመው ከ4 ዓመት በኋላ በፈረንሳይ ነው።

ከሥርዓቱ ሁሉ የመጀመሪያው ግን በአደጋ ላይ ላለ ሰው መርዳት ግዴታ መሆኑ ነው። የዚህ ሕግ ፍሬ በ1988 በኮርያ በተደረገው ኦሎምፒያ ታየ። በቡሳን ከተማ ባሕር ሎረንስ ለሚዩ የተባለው የካናዳ ተወዳዳሪ በ2ኛነት ሲሄድ ሳለ ነፋሱ ድንገት በረታ። በሌላ ውድድር ላይ የነበሩ ሁለት የሲንጋፖር ሰዎች ተገልብጠው፥ አንዱ ከታንኳው ርቆ በሞገድ ሲንገላታ አየ። ለሚዩም ሽልማቱን ትቶ መሪውን አዞረ፤ ሁለቱንም አውጥቶ ረዳት ጀልባ እስኪደርስላቸው ጠበቃቸው። ከዚያ ወደ ውድድሩ ተመልሶ 22ኛ ወጣ። ዳኞቹ ግን ነገሩን መርምረው የ2ኛነቱን ስፍራ መለሱለት፤ የኦሎምፒያ ማኅበርም በፒየር ደ ኩቤርቲን ስም የተሰየመውን ሜዳይ ሰጠው። በዚያ ዓመት ወርቅ የተቀበሉትን የብዙዎቹን ስም ሰው ረስቷል፤ የእርሱ ስም ግን ሸራ በሚሰቀልበት አገር ሁሉ ይነሣል።

እንዲህ ያለው ጨዋታ ለስምጥ ሸለቆ ሐይቆችም እንግዳ አይደለም። ደንበል በተኛበት በዚያው ሸለቆ፥ በኬንያ ባለው በናይቫሻ ሐይቅ የሸራ ታንኳ ክበብ ተቋቁሟል፤ ከሸለቆው ውጭም በዩጋንዳ በቪክቶሪያ ሐይቅ ሌላ አለ። የቀትሩ ነፋስ ለዛይ ታንኳ ጠላት ነው፤ ሳንቃና ሸራ ላለው ግን ጉልበት ይሆነዋል። አንዱ ነፋስ እንደ ተቀበለው ሰው ዕውቀትና ዕቃ ለአንዱ ሞት፥ ለሌላው መንገድ ነው።

ደንበል ግን ዛሬ ሌላ ፈተና አለበት። ውኃው በባቱና በመቂ ዙሪያ ላሉ የአትክልትና የአበባ እርሻዎች ይቀዳል፤ ከደሴቶቹ ሰዎች ብዙዎቹ ወደ ሐይቁ ዳር ወጥተው ሰፍረዋል፤ ሞተር ያለው ጀልባም የታንኳውን ሥራ ወስዷል። ሞተሩ ነፋስን ሳያውቁ መሻገርን አስችሏል፤ ይህም ድካምን ያቀለለ በጎ ነገር ነው። ሆኖም ሞተሩ በመካከለኛው ውኃ ላይ ቢቆም፥ ሰማዩን ማንበብ የሚያውቅ ሽማግሌ በጀልባው ውስጥ መኖሩ ወይም አለመኖሩ ያን ጊዜ ይታወቃል። የአዱሊስን ዘመን የተሰፋ መርከብ ጥበብ ተቀምጦ የጻፈ ኢትዮጵያዊ አይታወቅምና ዛሬ ስለ እርሱ የሚታወቀው ከባዕድ መጽሐፍ ነው። የዛይ ሽማግሌዎች ግን ገና በሕይወት አሉ። ደመናው በየትኛው ተራራ ላይ ሲቆም ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፥ በየትኛው ሰዓት መነሣት፥ በየትኛውስ መመለስ እንደሚገባ ያውቃሉ። ከደጋው ልጆች ብራና ወይም ወረቀት የያዘ አንዱ ወርዶ ቢጠይቃቸው፥ ከተራራው የሚወርደው የመቂ ውኃ የሚያደርሰው ወደ ዘመዶቹ መሆኑን ያያል።