ጋፋት (የመድፍ መሥሪያ)

ጋፋት በአማራ ክልል፣ በደቡብ ጎንደር ዞን፣ በደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ የሚገኝ ታሪካዊ ቦታ ነው። በዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት (1847–1860 ዓ.ም.) የመድፍና የሌላም የጦር መሣሪያ መሥሪያ ነበር። ከሁሉ በላይ የሚታወቀው «ሴባስቶፖል» በተባለው ትልቅ መድፍ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ ቦታው ነው፤ ስለ ቋንቋው ጋፋትኛን ይመልከቱ።

ከጋፋት በፊት የነበረው የብረት ሥራ

በሰሜን ኢትዮጵያ ብረት አንጥሮ ማረሻ፣ ማጭድ፣ ጦርና ጎራዴ መሥራት ጥንታዊ ሙያ ነው። ባለእጁ የብረት አፈሩን በከሰል እሳት ላይ አድርጎ በወናፍ ይነፋል፤ የወጣውንም ብረት ደጋግሞ እያጋለ ይቀጠቅጠዋል። በጎንደር ዙሪያ በዚህ ሙያ የታወቁት በተለይ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ሆኖም ኅብረተሰቡ የሚያርስበትንና የሚዋጋበትን መሣሪያ የሚሠራለትን ሰው «ቡዳ» እያለ ይንቀውና ይፈራው ነበር።

በዚህ ዘዴ የሚገኘው ብረት ለማረሻ ቢበቃም ለመድፍ አይሆንም። መድፍ ለመሥራት ብዙ ማዕድን በአንድ ጊዜ እንደ ውሃ ቀልጦ ወደ ተዘጋጀለት ቅርጽ መፍሰስ አለበት። ለዚህም ከፍተኛ ሙቀት የሚችል ጡብና ትልቅ ምድጃ ያስፈልጋል። ጋፋት የተቋቋመው ይህን ሥራ በአገር ውስጥ ለመጀመር ነው።

አመሠራረት

አፄ ቴዎድሮስ የጦር መሣሪያን ከውጭ ከመግዛት ይልቅ በአገር ውስጥ ማሠራትን መረጡ። በአገሪቱ የነበሩት አውሮፓውያን ግን አብዛኞቹ በስዊዘርላንድ፣ በባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስት ክሪስኮና ሚስዮን የተላኩ ባለእጅ ሚስዮናውያን ነበሩ። ከእነርሱም ቴዎፍሎስ ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደርና ማየር ይገኙበታል። በኋላም ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎ አብረዋቸው ሠርተዋል። ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጀመሪያ በጋፋት ቦታ ሰጥተው አሰፈሯቸው፤ የአገሬው ሰዎችም በሠራተኛነትና በተማሪነት ተመደቡ።

ሚስዮናውያኑ መድፍ ሠርተው ስለማያውቁ መጀመሪያ እንደማይችሉ ተናግረው ነበር። ንጉሡ ግን እንዲሞክሩ አስገደዷቸው። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ፤ ምድጃው ተሻሽሎ ሥራው ሲሳካ ግን ቴዎድሮስ እጅግ ተደሰቱ፤ ሠራተኞቹንም ሸለሙ።

ቴዎድሮስ ተጨማሪ ባለሙያዎችን ከእንግሊዝ ለማስመጣት እ.ኤ.አ. በ1866 ሚስዮናዊውን ማርቲን ፍላድን ላኩ። የተቀጠሩት ባለሙያዎች እስከ ምጽዋ ደርሰው ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ግን ንጉሡ ያሰሯቸው አውሮፓውያን ካልተፈቱ አይሄዱም ስላለ፣ ወደ መሐል አገር ሳይገቡ ተመለሱ።

ሴባስቶፖል

ሴባስቶፖል ከነሐስ የተሠራ፣ አፈ ሰፊና አጭር መድፍ (ሞርታር) ነው። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይገመታል። ስሙ በክራይሚያ ጦርነት ለረዥም ጊዜ ከተከበበችው የወደብ ከተማ የተወሰደ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ጉዞ ሲጀምሩ መድፎቹን ይዘው ሄዱ። ሴባስቶፖል በጋሪ ተጭኖ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ገመድ ተጎተተ። ሠራዊቱም ገደሉን እየናደና ድንጋዩን እየፈነቀለ መንገድ ይሠራ ነበር፤ ቴዎድሮስ ራሳቸውም ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሱ እንደነበር የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጅቶ በመጋቢት መጨረሻ ገደማ መቅደላ ደረሱ።

ይህ ሁሉ ድካም የጦርነቱን ውጤት አልቀየረም። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ በተደረገው ውጊያ ከተተኮሱት ትላልቅ መድፎች አንዱ ፈነዳ። ሚያዝያ 6 ቀን የጄኔራል ናፒየር ጦር አምባውን ሲይዝ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ። የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የብራና መጻሕፍትንና የቤተ ክርስቲያን ንዋያተ ቅድሳትን ዘርፎ ሲወስድ ሴባስቶፖልን ግን እዚያው ተወው።

ከመቅደላ በኋላ

የጋፋት አውሮፓውያን ከናፒየር ጦር ጋር አገሪቱን ለቀው ወጡ። ዋልድማየር በሊባኖስ ትምህርት ቤትና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። ሞሪትዝ ሆል በያፋ ሰፈረ፤ ታዋቂው የፊልም ተዋናይ ፒተር ዩስቲኖቭ የእርሱ ዘር ነው። የጋፋት ሥራ ግን ቀጣይ አላገኘም። ምድጃውን የሚያስፋፋ መንግሥት ፈረሰ፤ ባለሙያዎቹም ተበተኑ። በአገሬው ባለእጅ ላይ የነበረው ንቀትም አልቀረም። አፄ ምኒልክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባለእጆች እንዳይሰደቡ አዋጅ ማስነገራቸው ችግሩ ከአርባ ዓመት በኋላም እንደነበረ ያሳያል።

ቅርስነትና ጉብኝት

ከአይከል ወይም ከጎንደር የሚነሳ ጎብኚ በወረታ በኩል፣ ከባሕር ዳር የሚነሳም እንዲሁ በወረታ አድርጎ ደብረ ታቦር ይደርሳል። ጋፋት ከከተማዋ ሩቅ አይደለም። በቦታው እንደ ፋሲል ግቢ ያለ የቆመ ትልቅ ሕንፃ የለም፤ የጋፋትን ታሪክ በሙሉ ለማየት ሦስት ቦታ መሄድ ያስፈልጋል። ሥራው የተሠራው በጋፋት ነው፤ ዋናው መድፍ ያለው በመቅደላ አምባ ነው፤ ምስለ መድፉ ደግሞ በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

በሌላው ዓለም የቆዩ የብረት ፋብሪካዎችን ጠብቆ ለሕዝብ መክፈት የተለመደ ሆኗል። በጀርመን የሚገኘው የፎልክሊንገን ብረት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1873 ተመሥርቶ በ1986 የብረት ማቅለጡን ሥራ አቆመ፤ በ1994 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ጎብኚዎች በማቅለጫ ምድጃዎቹ መካከል ይዘዋወራሉ፤ ለምድጃዎቹ አየር ይነፉ የነበሩት ግዙፍ ማሽኖች ባሉበት አዳራሽም የሙዚቃ ዝግጅትና ዐውደ ርእይ ይቀርባል። በዚያ ማሽኖቹ ስላሉ ታሪኩ ከቦታው ሳይነሳ ይታያል። የጋፋት ታሪክ ግን በይበልጥ የኖረው በአዝማሪ ግጥም፣ በቴአትርና በልብ ወለድ ነው።

የጋፋት ስም በዘመናዊው ኢትዮጵያ ለጦር መሣሪያ ፋብሪካ መጠሪያ ሆኗል።