ከመቅጃው ቀድሞ የገባው ቁልፍ

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ አንድ አሜሪካዊ ሁለት የሚወዳቸው ፊልሞች በተለያየ ጣቢያ በአንድ ሰዓት ቢገጥሙበት አንዱ ያመልጠው ነበር። የጃፓኑ ሶኒ ቤታማክስ የተባለ የቪዲዮ መቅጃ ይዞ መጣና ገላገለው። ማስታወቂያው «ኮሎምቦ»ን እያያችሁ «ኮጃክ» አያመልጣችሁም የሚል መልእክት ነበረው። ሁለቱም ተከታታይ ፊልሞች ግን የዩኒቨርሳል ነበሩ።

ዩኒቨርሳል ከዲዝኒ ጋር ሆኖ በ1976 ሶኒን ከሰሰ። ሰው ቤቱ ተቀምጦ ፊልም ከቀዳ የቅጂ መብት ተጥሷል፤ መቅጃውን የሸጠውም ይጠየቃል ነው ነገሩ። በ1982 የፊልም ኩባንያዎች ማኅበር መሪ ጃክ ቫለንቲ ኮንግረስ ፊት ቀርበው መሣሪያውን ቤቷ ብቻዋን ያለች ሴት ላይ ከሚመጣ አንቆ ገዳይ ጋር አመሳሰሉት። ፍርሃቱ ያን ያህል ነበር።

በ1979 ሶኒ ረታ። በ1981 ይግባኝ ሰሚው ገለበጠው። በጥር 1984 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ለሶኒ ፈረደ። ፕሮግራምን ቀድቶ በሌላ ሰዓት ማየት ጥፋት አይደለም፤ ብዙ ሕጋዊ ጥቅም ያለው ዕቃ አንዳንዱ ሰው ለጥፋት ስላዋለው ብቻ ሻጩ አይጠየቅም አለ። አንድ ድምፅ ወደዚያ ቢያዘነብል ኖሮ የቪዲዮ መቅጃ ዕጣ ሌላ ይሆን ነበር።

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» እንደሚባለው የፈሩት ደረሰ። ሲደርስ ግን ካዝናቸውን ሞላው። ብዙም ሳይቆይ የካሴት ሽያጭና ኪራይ ለስቱዲዮዎቹ ከሲኒማ ቤት የበለጠ ገቢ ማምጣት ጀመረ።

ታዲያ ስቱዲዮዎቹ ከዚህ ምን ተማሩ? «ተመልካቹን እንመን» አላሉም። የተማሩት ዕቃው ገበያ ከወጣ በኋላ መክሰስ እንደማያዋጣ ነው። ስለዚህ ዲቪዲ ሲመጣ ቀድመው ጠረጴዛው ላይ ተገኙ። ፊልሙ በምስጢር ኮድ ካልተቆለፈ ፊልማችንን አንሰጥም አሉ። በዚህ ድርድር ምክንያት የዲቪዲ መውጫ ዘገየ፤ በጃፓን በኅዳር 1996፣ በአሜሪካ በ1997 ተሸጠ። የመጀመሪያዎቹ ማጫወቻዎችም ማሳየት እንጂ መቅዳት አይችሉም ነበር።

ዓለምም በቁጥር ተከፋፈለች። አሜሪካ 1 ስትሆን ኢትዮጵያ 5 ደረሳት። ዘመድ ከዋሽንግተን በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ የላከው ፊልም፣ ለቁጥር 5 በተሠራ ማጫወቻ አዲስ አበባ ላይ አልከፍትም ሊል ይችላል ማለት ነው። ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ሌባ የለም፣ በሩ ግን ተዘግቷል።

በ1999 ኖርዌያዊ ታዳጊ የተሳተፈበት ፕሮግራም ያን የምስጢር ኮድ ፈታው። ከዚያ ወዲህ ቁልፉ በዋናነት የያዘው ቀጂውን ነጋዴ ሳይሆን ገዝቶ የሚያየውን ሰው ሆነ።

የፊልም ሠሪ ላብ መከበር አለበት፤ በዚህ ክርክር የለም። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፦ የቤታማክስ ጉዳይ በአደባባይ፣ ዳኛ ፊት፣ ሁለቱም ወገን ተሰምቶ ተወሰነ። የዲቪዲው ቁልፍ ግን በዝግ ስብሰባ ተበጅቶ ፋብሪካ ውስጥ ተገጠመ። ዕቃውን የሚገዛውን ሰው ማንም አልጠየቀውም።