የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያ (ቦይለር) እንክብካቤ

ቦይለር በኢትዮጵያ በተለምዶ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያ ነው። በቀዝቃዛ አገሮች ግን በዚህ ስም የሚጠራው መሣሪያ ቤቱንም ጭምር ያሞቃል፤ ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውሃ ከወለል ሥር በተዘረጋ ቧንቧ ውስጥ ያዞራል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው አሶሳና ከእርሷ ዝቅ ባሉት የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቆላማ ወረዳዎች ወለል ማሞቅ ትርጉም የለውም። ቦይለር የሚያስፈልገው ለመታጠቢያ ውሃ ብቻ ነው።

አሠራር

በበርሜሉ ውስጥ ያለው ሬዚስታንስ ውሃውን ያሞቃል፤ ቴርሞስታት ደግሞ ሙቀቱ ከተፈለገው ሲደርስ ኤሌክትሪኩን ያቋርጣል። 1,500 ዋት የሆነ ሬዚስታንስ 50 ሊትር ውሃን ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ይህም አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል።

መብራት ሲደክም ጊዜው ይረዝማል። ኃይሉ ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚቀንስ፣ 220 ቮልት ወደ 180 ሲወርድ ያው ሬዚስታንስ 1,000 ዋት ገደማ ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ ምሽት ላይ ውሃው አልሞቅ ሲል ዕቃ ከመቀየር በፊት ቮልቴጁን ማስለካት ይሻላል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ የሚገኘው በዚሁ ክልል፣ በጉባ ወረዳ ነው፤ ሆኖም ወደ አንድ ቤት የሚደርሰው ቮልቴጅ በሰፈሩ ትራንስፎርመርና በመስመሩ ርዝመት ላይም ይመሠረታል።

ኖራና ዝገት

በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚታየው ነጭ ቅርፊት በቦይለርም ውስጥ ይጋገራል። የከርሰ ምድር ውሃ ብዙ ጊዜ ካልሲየም ስለሚበዛበት ችግሩ በጉድጓድ ውሃ ይብሳል። ቅርፊቱ ሬዚስታንሱን ስለሚሸፍነው ሙቀቱ ወደ ውሃው አይወጣም፤ በመጨረሻም ሬዚስታንሱ ይቃጠላል። ሲሞቅ የሚሰማ የመንጣጣት ድምፅ የተለመደ ምልክት ነው። ቅርፊቱ በኮምጣጤ ተዘፍዝፎ ይለቃል፤ በብረት መፋቅ ግን ሬዚስታንሱን ይጎዳል።

ከሬዚስታንሱ አጠገብ ያለው የማግኒዥየም ዘንግ በርሜሉን ከዝገት የሚያድነው ራሱ እየተበላ ነው። ዘንጉ አልቆ ሳይቀየር ከቀረ ተራው የበርሜሉ ይሆናል፤ የተበሳ በርሜል ደግሞ አይጠገንም።

ደህንነት

50 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ በሦስት ሩብ ሊትር ገደማ ይሰፋል። በሚሞቅበት ጊዜ ከሴፍቲ ቫልቩ የሚንጠባጠበው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ወለሉ እንዳይረጥብ ብሎ ቫልቩን መድፈን እጅግ አደገኛ ነው፤ ቴርሞስታቱም የተበላሸ ዕለት በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል። ሌላው አደጋ የኤርዝ ሽቦ አለመኖር ነው። ሬዚስታንሱ ሲሰነጠቅ ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው ያልፋል፤ ኤርዝ ከሌለ ደግሞ የሚታጠበውን ሰው ሊገድል ይችላል። ኤርዝ ካለና የፍሳሽ መከላከያ ብሬከር ከተገጠመ ግን ብሬከሩ ወዲያው ይወርዳል። ደጋግሞ የሚወርድ ብሬከርን እየመለሱ መጠቀም አይገባም።

ቦይለር ከመከፈቱ በፊት ብሬከሩ ይወርዳል፣ የቀዝቃዛ ውሃ መግቢያውም ይዘጋል። ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ በርሜሉ ይሞላል፤ ብሬከሩ የሚነሣው የሙቅ ውሃ ቧንቧው ተከፍቶ አየር ሳይቀላቀል ውሃ መፍሰስ ከጀመረ በኋላ ነው። ባዶ በርሜል ላይ የተለኮሰ ሬዚስታንስ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል።