መጫወቻ የነበረችው መኪና

ችግር በቅቤ ያስበላል ይላሉ አበው። ፈረንሳዮችን ግን መኪና በእግር አስረግጧቸዋል።

ነገሩ የተጀመረው ሻርል ሞሼ በተባለ የፈረንሳይ መኪና ሠሪ ነው። በ1920ዎቹ (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ልጁ ዦርዥ በብስክሌት ወድቆ እንዳይጎዳ ተሰግቶ፣ አባት በፔዳል የሚሄድ ባለ አራት ጎማ መጫወቻ እንደሠራለት ይነገራል። መጫወቻው የአዋቂዎችንም ልብ ማረከ። ሞሼም ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚረግጣትን «ቬሎካር» ለገበያ አቀረበ። በ1934 ሲሞት፣ ሥራውን የወረሰው ያው መጫወቻው የተሠራለት ልጅ ነበር።

በ1940 ጀርመኖች ፈረንሳይን ያዙ፤ ቤንዚንም ከተራው ሕዝብ እጅ ጠፋ። ትልልቁ አውቶሞቢል በየጋራዡ አቧራ ሲለብስ፣ ቤንዚን የማትጠጣው ቬሎካር ፈላጊዋ በዛ።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ዦርዥ ሞተር ገጠመላት። በ1951 የወጣችው «ሲ ኤም 125» ሁለት ሰው የምትይዝ ስትሆን፣ ሞተሯ 125 ሲሲ፣ ማለትም የትንሽ ሞተር ብስክሌት ያህል ብቻ ነበር። በጊዜው ሕግ መሠረት መንጃ ፈቃድ አትጠይቅም ነበር። ኪሱ የሳሳውም፣ የመንጃ ፈቃድ ፈተና የከበደውም ባለ መኪና ለመሆን በቃ።

ኑሮ ሲሻሻል ግን ሰው ቤተሰቡን በሙሉ የሚጭኑለትን ሬኖንና ሲትሮየንን መረጠ። በ1958 የሞሼ መኪና ሥራ አበቃ። ችግር ያሳደጋትን መኪና ጥጋብ ገደላት።