«ስጠው!»፦ አንድን ወጣት ለስቅላት ያበቃ ቃል

እንግሊዝኛ መማር የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት «ሃቭ» የሚለውን ቃል ያገኛል። ትርጉሙ «አለኝ» ነው ይሉታል። ብዙም ሳይቆይ ግን እንግሊዞች ቁርስ መብላትንም፣ ልጅ መውለድንም፣ ግዴታንም በዚሁ ቃል እንደሚናገሩ ይደርስበታል። አማርኛ ለመብላትና ለመውለድ የየራሱ ግስ አለው።

ነገሩ የተማሪ ራስ ምታት ብቻ ቢሆን ባልከፋ። በዚህ ቃል የሰው ሕይወት ጠፍቶበታል።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1952 ምሽት፣ ከለንደን በስተደቡብ በምትገኘው ክሮይደን፣ የ16 ዓመቱ ክሪስቶፈር ክሬግና የ19 ዓመቱ ዴሪክ ቤንትሊ አንድ መጋዘን ሊሰርቁ ጣሪያ ላይ ወጡ። ፖሊስ ደረሰባቸው። ሽጉጡ በክሬግ እጅ ነበር። ፖሊሶች እንደመሰከሩት ቤንትሊ «ሌት ሂም ሃቭ ኢት፣ ክሪስ» ብሎ ጮኸ። ክሬግ ተኩሶ አንድ መርማሪ አቆሰለ፤ ቆይቶም ሲድኒ ማይልስ የተባለውን ፖሊስ ገደለ። በዚህ ጊዜ ቤንትሊ በፖሊስ እጅ ነበር።

ንግግሩ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ስጠው» ነው። ምኑን? ሽጉጡን ከሆነ፣ ቤንትሊ ጓደኛውን «እጅህን ስጥ» እያለው ነው። ጥይቱን ከሆነ፣ «ግደለው» እያለው ነው። እንግሊዝኛው ሁለቱንም ይሸከማል። የእኛም «ስጠው» ጠብ መሐል ሲጮኽ ስለ ስጦታ አይደለም።

ዐቃቤ ሕግ ሁለተኛውን ትርጉም ያዘ። ሁለቱ ወጣቶች ግን ቃሉ ከነጭራሹ አልተነገረም ብለው ካዱ። ጁሪው በ75 ደቂቃ ውስጥ ጥፋተኛ አላቸው፤ ለቤንትሊ ምሕረት ቢጠይቅለትም የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ አልተቀበሉትም። የተኮሰው ክሬግ ዕድሜው ለስቅላት ስላልደረሰ አሥር ዓመት ታስሮ ወጣ። ያልተኮሰው ቤንትሊ ጃንዋሪ 28 ቀን 1953 ተሰቀለ።

እኅቱ አይሪስ ስሙን ለማስመለስ ለአሥርተ ዓመታት ደጅ ጠናች። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን የሻረው ጁላይ 30 ቀን 1998 ሲሆን፣ እሷ ከዓመት በፊት አርፋ ነበር። ፍርዱ የተሻረውም የቃሉ ትርጉም ተፈትቶ አይደለም። ዳኛው ለጁሪው የሰጡት ማብራሪያ ሚዛኑን የሳተ ሆኖ በመገኘቱ ነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ተናጋሪው መልሶ አይዘውም። ዛሬም ከንግግር መሐል ተቆርጦ በወጣ አንድ ቃል ሰው ይወነጀላል። የሚፈርድ ሰው «ምን አለ?» ብሎ ማቆም የለበትም። «ምን ማለቱ ነበር?» ብሎም ይጠይቅ። ለቤንትሊ ይህ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ገመዱ ቀደመ።