ሒሳብና የእጅ ሙያ በጉኑኖ እርከኖች

ዛሬ በወላይታ ዞን በዳሞት ሶሬ ወረዳ የምትገኘው ጉኑኖ ቀድሞ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። በግብርና ሚኒስቴርና በስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ካቋቋማቸው ጣቢያዎች አንዱ በዚህች ሥፍራ ተተከለ። በዘመኑ በገበሬ ማኅበራት ጉልበትና በምግብ ለሥራ እርዳታ በየተራራው እርከን ይሠራ ነበር። ይሁን እንጂ እርከኑ ምን ያህል አፈር እንደሚያድን የሚያስረዳ፣ በአገር ውስጥ የተለካ አኃዝ እምብዛም አልነበረም።

በጣቢያው 2 ሜትር በ15 ሜትር የሆኑ የሙከራ መደቦች ተከለሉ። ከመደቡ ግርጌ በተተከለ ታንክ የተጠራቀመው ጎርፍ ይለካል፤ ደለሉም ደርቆ ይመዘናል። ይህ የእጅ ሥራ ነው። መደቡ ግን 30 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ በሚዛን ላይ 100 ግራም የሆነው ስሕተት በሔክታር 33 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህን ያሰላ ሠራተኛ ሚዛኑን ደግሞ ሳያይ አያልፍም።

ሐንስ ሁርኒ አሜሪካውያን ያወጡትን የአፈር መሸርሸር ቀመር እ.ኤ.አ. በ1985 ለኢትዮጵያ እንዲስማማ አድርገው አቀረቡ። በ1986 ለልማት ሠራተኞች የወጣው መመሪያቸው ደግሞ ስሌቱን ወደ ማሳው አወረደው። ተዳፋትነቱ ከ15 በመቶ በታች በሆነ መሬት፣ በሁለት እርከኖች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 1 ሜትር ይሁን ይላል። በመሆኑም ተዳፋቱ 10 በመቶ ከሆነ እርከኖቹ በ10 ሜትር፣ 5 በመቶ ከሆነ በ20 ሜትር ይራራቃሉ። ማሳው ጠባብ በሆነበት በወላይታ ይህ ስሌት ቀላል ነገር አይደለም፤ ርቀቱን በግማሽ ያሳነሰ ቀያሽ ከገበሬው እጥፍ መሬት ይወስዳልና።

ቅየሳው የሚከናወነው በሁለት ዘንግ፣ በ10 ሜትር ሲባጎና በውኃ ልክ ነው። በእያንዳንዱ ልኬት 5 ሳንቲ ሜትር ወደ አንድ ወገን ቢሳት፣ በ10ኛው ላይ ግማሽ ሜትር ይሆናል። ውኃው በዝቅተኛው በኩል ተጠራቅሞ እርከኑን ይደረምሳል፤ ቦረቦርም ያወጣል።

እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የኮንሶን እርከን የሠሩ አባቶች ይህን ልክ ከትውልድ ትውልድ በተላለፈ ልምድ ያውቁታል። በዘመቻ የሚሠራ እርከን ግን ያን ያህል ዕድሜ የለውም፤ የጎደለውን ልምድ በከፊልም ቢሆን ሊተካ የሚችለው ሒሳብ ነው። ስለዚህ ሠልጣኙ የመቶኛን ስሌት ሲማር ሲባጎውን ይዞ ማሳው ላይ ቢቆም፣ ዶማ ሲያነሣም የቆፈረውን ለክቶ ቢያሰላ፣ ትምህርቱ ለራሱም ለገበሬውም ይጠቅማል።