የቢራ ጠማቂዎች ብርድ ፍለጋ

እርሾ ስኳርን ወደ አልኮል ሲለውጥ ሙቀት ያመነጫል። በመብላላት ላይ ያለ ቢራ ከተቀመጠበት ክፍል ጥቂት ዲግሪ የሚሞቀው በዚህ ምክንያት ነው። ሲሞቅ እርሾው ይፈጥናል፤ በፈጠነ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይሞቃል። ጠላ በቆላ ቶሎ፣ በደጋ ዘግይቶ የሚደርሰውም በዚሁ የእርሾ ጠባይ ነው። ለቢራ ግን ጥድፊያው አይበጅም። ከልክ በላይ የሞቀ እርሾ ጉሮሮ የሚያቃጥል ከባድ አልኮልና ያልተፈለገ የፍራፍሬ ሽታ ያወጣል፤ ሙቀቱ ለሚያኮመጥጡ ባክቴሪያዎችም ይመቻል። ጠማቂዎች ብርድ ለማግኘትና ይዞ ለማቆየት ብዙ መቶ ዓመታት የደከሙት ለዚህ ሲሆን፣ ድካማቸው ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው በደቡብ ጀርመን፣ በባቫሪያ ነው።

የመጀመሪያው መላ ወቅትን መጠበቅ ነበር። በ1553 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የባቫሪያው መስፍን አልብሬክት 5ኛ፣ ቢራ ከቅዱስ ሚካኤል በዓል፣ ማለትም ከሴፕቴምበር 29፣ እስከ ቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል፣ እስከ ኤፕሪል 23 ብቻ እንዲጠመቅ አዘዘ። በሞቃቱ ወራት የተጠመቀ ቢራ ቶሎ ይበላሽ ነበርና። አዋጁ ያስከተለው ነገር ግን ከዚያ የሰፋ ነው። በብርድ ብቻ ሲጠመቅ፣ ብርድ የሚችለው እርሾ ሌላውን እያስለቀቀ አገሩን ያዘው። ይህ ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ጥሩ የሚሠራው፣ ሥራውን ሲጨርስም ወደ ታች የሚዘቅጠው የላገር እርሾ ነው። የእንግሊዞቹ የኤል እርሾ 20 ዲግሪ አካባቢ ይስማማዋል።

ሞቃቱን ወራት ለመሻገር ጠማቂዎች በማርች ጠንከር ያለ ቢራ ጠምቀው በምድር ቤት ያስቀምጡ ነበር። በሙኒክ፣ በኢሳር ወንዝ ዳርቻ፣ ጥልቅ ጓዳ ቆፍረው ከሐይቅና ከኩሬ የተቆረጠ በረዶ አከማቹበት። ከበላዩ ጠጠር አለበሱት፤ ቅጠለ ሰፊ የቼስትነት ዛፎችም ተከሉበት፤ የዛፎቹ ሥር ወደ ታች ስለማይጠልቅ የጓዳውን ጣሪያ አይሰነጥቅም፣ ጥላቸውም መሬቱን ያቀዘቅዛል። ሰው በዚያ ጥላ ሥር መጠጣት ሲለምድ የከተማው ባለመሸታ ቤቶች ገበያችን ተወሰደ ብለው አቤት አሉ። ንጉሥ ማክሲሚሊያን ዮሴፍ 1ኛ በ1812 ጠማቂዎቹ ቢራቸውን እዚያው እንዲሸጡ ፈቀደ፤ ከዳቦ በስተቀር ምግብ እንዳያቀርቡ ግን ከለከለ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የባቫሪያ የቢራ አትክልት ቦታ የተወለደው ከማቀዝቀዣ ዘዴ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሠራ ሙቀቱ የሚገመተው በእጅና በልምድ ነበር። ቴርሞሜትርን ወደ ጠመቃ ያስገቡት እንግሊዞች ናቸው፤ የለንደኑ ጠማቂ ማይክል ኮምብሩን በ1762 ባሳተመው መጽሐፍ አጠቃቀሙን በስፋት አብራርቷል። ቆየት ብሎም በመብላያው በርሜል ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ የሚመላለስበት ጥምዝምዝ ቱቦ መጣ። የሙኒኩ ጠማቂ ገብርኤል ሴድልማየርና የቪየናው ባልደረባው አንቶን ድሬር በ1833 ይህን ሙያ ለማየት ወደ ብሪታንያ ተጓዙ፤ በየጠመቃ ቤቱ ሲጎበኙም ውስጡ ክፍት በሆነ ምርኩዝ ናሙና በስውር ይቀዱ ነበር። ድርጊቱ ስርቆት ቢሆንም የአህጉሩን ጠመቃ ወደ ልኬት ለማሻገር ረድቷል።

በ1845 ደግሞ የዴንማርኩ ጠማቂ ጄ. ሲ. ያኮብሰን ከሴድልማየር ያገኘውን እርሾ በቆርቆሮ ዕቃ ይዞ፣ ሠረገላው በቆመ ቁጥር ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሰበት ኮፐንሀገን አደረሰው። እርሾው በመንገድ ቢሞቅ ኖሮ ድካሙ ሁሉ ከንቱ በሆነ ነበር። ያኮብሰን ባቋቋመው የካርልስበርግ ላቦራቶሪ ኤሚል ክርስቲያን ሀንሰን በ1883 ከአንድ ሕዋስ የተራባ ንጹሕ የላገር እርሾ ለጠመቃ አበቃ።

የተፈጥሮ በረዶ ግን አስተማማኝ አልነበረም፤ ብርዱ የቀለለበት ዓመት ጓዳውን ባዶ ያስቀረዋል። የሙኒኩ መምህር ካርል ሊንደ በ1870ዎቹ የማቀዝቀዣ ማሽን ሲሠራ ገንዘቡንና የመሞከሪያ ቦታውን ያገኘው ከጠማቂዎች ነው። የመጀመሪያው ሙከራ በሴድልማየር ጠመቃ ቤት፣ በሽፓተን ተካሄደ። ሊንደ በኋላ ለማቀዝቀዣነት ወደ አሞኒያ ጋዝ ሲዞር ማሽኑ አስተማማኝ ሆነ፤ ላገርም ዓመቱን ሙሉ፣ በሞቃት አገርም ጭምር መጠመቅ ቻለ።

በቤት መጥመቅ በብሪታንያ በ1963 ከፈቃድ ነጻ ሲሆን፣ በአሜሪካ ደግሞ ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978 በፈረሙት ሕግ በፌዴራል ደረጃ ሲፈቀድ፣ ያው ችግር በየጓዳው እንደገና ተነሣ። የቤት ጠማቂ ዕቃውን በውሃ ገንዳ ያስቀምጣል፣ የበረደ ጠርሙስ ይጨምርበታል፣ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ በቬንትሌተር ያናፍሰዋል። አቅሙ ያለው አሮጌ ፍሪጅን ሙቀት ጠብቆ ከሚያበራና ከሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ጋር ያያይዘዋል። የመለኪያው ጫፍ በፍሪጁ አየር ላይ መንጠልጠል የለበትም፤ በዕቃው ጎን ተለጥፎ በስፖንጅ ሲሸፈን የፈሳሹን ሙቀት ያነባል። ጥብቅ ክትትል የሚያሻው እርሾው በሚራባባቸው የመጀመሪያ ሦስትና አራት ቀናት ነው፤ ላገር ሊጠናቀቅ ሲል ግን ወደ 16 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይደረጋል፤ እርሾው የቅቤ ጣዕም የሚሰጠውን ዲያሲቲል መልሶ እንዲበላው።